የብርሃን ፍጥነት በድምፅ ብልጫ የጸደቀበት ሳምንት

ወልቂጤ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ጊዜ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ባወጣሁት ፈተና ላይ «የብርሃን ፍጥነት ምንጊዜም አይለወጥም፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» የሚል ጥያቄ አስገባሁ። አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ሁለቱንም ትታ፣ «ዛሬ አይለወጥም። ከቢሊዮን ዓመታት በፊትስ ማን ለካው?» ብላ ጻፈች።

ዜሮ ሰጠኋት። ተናድጄ ስለነበር ቀይ እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረው።

በማግስቱ ጨርቅ ነጋዴው አባቷ መጡ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ መምህር። ልጄ ምን አጠፋች?»

«ወአለይኩም ሰላም። መልስ ስጪ ስትባል ጥያቄ ጠየቀች።»

«ታዲያ የጥያቄዋ መልስ ምንድን ነው?»

ጉሮሮዬን ጠራረግሁና «መጽሐፉ ላይ አለ» አልኳቸው። መጽሐፉ ላይ አልነበረም።

ዳይሬክተራችን ነገሩ ሳይጋጋል የሳይንስ መምህራንን ሰበሰቡን። ሳይንስን በጣም ያከብራሉ፤ ከማክበራቸው የተነሳ አይጠጉትም።

«ከመጽሐፉ ጋር ናችሁ ወይስ ከልጅቷ?» ብለው እጅ አስወጡን። አምስታችን ለመጽሐፉ አወጣን። የኬሚስትሪዋ መምህርት ድምፀ ተአቅቦ አደረገች፤ አርፍዳ ስለገባች ስለ ምን እንደምናወራ አልገባትም ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ «የብርሃን ፍጥነት ከፍጥረት ጀምሮ እንዳልተለወጠ በድምፅ ብልጫ ጸድቋል» ተብሎ ተጻፈ፤ ማኅተም አረፈበት። እኔም ፈረምኩ።

ከፈረምኩ በኋላ ግን የአባትየው ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ። ቅዳሜ በባጃጅ ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ወደ ጉብሬ ወረድኩና እዚያ የሚያስተምር የድሮ የክፍል ጓደኛዬን አገኘሁት። የሆነውን ሁሉ ስነግረው እስኪያነባ ሳቀ።

«ሰዎች እኮ ዕድሜያቸውን የሚፈጁበት ጥያቄ ነው» አለኝ። «ከሩቅ ጋላክሲዎች ተነስቶ ቢሊዮን ዓመታት የተጓዘ ብርሃን ይቀበላሉ። አተሞች በዚያ ብርሃን ላይ የተዉት አሻራ ከዛሬው ጋር ይመሳሰል እንደሆነ ያመሳክራሉ።»

«ተለውጧል?»

«እስካሁን የተረጋገጠ ለውጥ አላገኙም። ፍለጋውን ግን አላቆሙም። እጅ አውጥተውም አያውቁም።»

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ውጤቷ ይስተካከል ስል ዳይሬክተሩ በሐዘኔታ አዩኝ። «ወንድሜ፣ ማኅተም እኮ ተመቷል!»

ሳላስፈቅድ አስተካከልኩት። ክፍል ገብቼም ተሳስቼ እንደነበር ተናገርኩና ጓደኛዬ ያስረዳኝን አስረዳኋቸው። ልጅቷ ወረቀቷን አየች፤ ፈገግ ትላለች ብዬ ስጠብቅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ አተሞቹ ራሳቸው አብረው ተለውጠው ቢሆንስ?»

ቅዳሜ እንደገና ጉብሬ ወረድኩ።