ምች የመሰለው ነገር

አመለሸጋ ተወልዳ ያደገችው አዲስ ዓለም ነው። አምቦ ያመጣት ትዳር ነው። ባሏ ደቻሳ የካቺሲ ልጅ ሲሆን፣ አዲስ ዓለም ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ ሊለማመድ መጥቶ ነው የተዋወቁት። ያኔ አማርኛው ገና አልጠራም ነበር። «አንቺ» ማለት ሲገባው «አንተ» ይላታል፣ እሷም ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «አንተ ቆንጆ ነህ» ብሎ ነው የጠየቃት እያለች ለጎረቤት ስታወራ ኖራለች።

ከተጋቡ በኋላ ግን አማርኛው ከእሷ እኩል ሆነ። እንዲያውም ቤት ውስጥ ተረብ የሚያመጣው እሱ ነበር። ኦሮምኛውን ለደንበኞቹና ለዘመዶቹ ያደርገዋል፣ ከእሷ ጋር ግን በአማርኛ ብቻ ነው። «አስተምረኝ እንጂ» ስትለው «ምን ያደርግልሻል? እኔ አለሁ አይደል» ይላታል። እሷም ለገበያ የሚበቃትን ያዘች፦ ለሰላምታ አካም ቡልቴ፣ ስንት ነው ለማለት ሜቃ፣ ለውሃ ቢሻን። ሰው ሲያዋራት ፈገግ ብላ ወደ ባሏ ትዞራለች።

ኑሯቸው ከገበያው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነበር። እሷ ሰልባጅ ልብስ ትሸጣለች፣ እሱ የረዘመውን ያሳጥራል፣ የሰፋውን ያጠባል። ሰው ሱሪውን ከእሷ ገዝቶ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ከእሱ ዘንድ ልኩን አስይዞ ይሄዳል። ከጎናቸው የሚሠራው ኦቦ ሌታም ልብስ ሰፊ ነው፣ ነገር ግን ከደቻሳ ጋር ተቀናንተው አያውቁም፤ ክር ሲያልቅበት ከደቻሳ ይወስዳል፣ ደቻሳም ስኒ ሻይ ይዞ ከእሱ በር ላይ ይቀመጣል። አንዲት ልጃቸው ቢፍቱ በኦሮምኛ ተምራ፣ መምህር ሆና ባኮ ተመደበች።

አንድ ጊዜ ጤና ባለሙያዎች መናኸሪያው በር ላይ ድንኳን ጥለው አላፊ አግዳሚውን ደም ግፊት ሲለኩ ደቻሳም ተለካ። «ከፍተኛ ነው፣ መድኃኒት ትጀምራለህ፣ እንዳታቋርጥ» አሉት። ጀመረ። ኪኒኑ ሲያልቅ ግን አልተመለሰም።

«ምንም አላመመኝም እኮ አመሌ። ጤነኛ ሰው በየቀኑ መድኃኒት ይውጣል?»

እውነትም ምንም አላመመውም ነበር። ይበላል፣ ይስቃል፣ ከማሽኑ ላይ አይነሳም። እሷም አልተከራከረችውም።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፣ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም። ገበያው ገና በጠዋቱ ሞልቷል። አመለሸጋ ቦንዳ ፈትታ ልብስ እየለየች ነው። ደቻሳ የአንድ ሰው ሱሪ እያሳጠረ ቆይቶ ድንገት ጠራት።

«አመሌ፣ ያንን ዳቦ አቀብይኝ።»

«የምን ዳቦ? አሁን ቁርስ በልተህ?»

«ዳቦ!» አላት ተቆጥቶ፣ በግራ እጁ ወደ መቀሱ እያመለከተ።

ሳቀች። የሚያሾፍባት መስሏት ነበር። መቀሱን ልታቀብለው ጠጋ ስትል ግን ስፌቱ ከሱሪው ጠርዝ ወጥቶ በሰያፍ ሲሄድ አየች። ደቻሳ እንዲህ ሰፍቶ አያውቅም። ቀኝ እግሩ ከፔዳሉ ላይ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተኝቷል። ቀና ሲል አፉ ወደ አንድ ወገን ተጎትቷል፣ ከንፈሩ ጥግ ላይ ምራቅ አለ።

«ደቼ! ምን ሆነሃል?»

ሊመልስላት ሞከረ። የወጣው ግን ቃል አልነበረም።

በጩኸቷ ኦቦ ሌታ ሮጦ መጣ፣ ገበያተኛውም በሩ ላይ ተሰበሰበ። ሌታ የደቻሳን አገጭ ይዞ ፊቱን ወደ ብርሃን አዞረና «ምች ነው» አለ። «አፉን አታዪም? ምች ነው የመታው።»

ልብስ ልትገዛ የመጣች አንዲት ሴት «ስኳሩ ወርዶ ይሆናል፣ ጣፋጭ ነገር ስጡት» አለች። ለስላሳ መጥቶ አጠጡት። ግማሹ በአገጩ ፈሰሰ፣ ግማሹ ትን ብሎት ፊቱ እስኪጠቁር አሳለው። ጀርባውን መቱት። አመለሸጋ ወደ ሌታ ዞረች።

«ሐኪም ቤት ብንወስደውስ?»

«ለምች ሐኪም ቤት?» አለ ሌታ። «መርፌ የወጉት እንደሆነ ያልቅለታል። የወንድሜን ሚስት ምን እንዳደረጋት ሰምተሽ የለም? ዳማከሴ አሽተሽ ቀቢው፣ ሸፍነሽ አስተኚው። ላቡ ሲወጣለት ይነሳል።»

በሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። መርፌ በምች ላይ እንደማይሆን ከልጅነቷ ጀምሮ እሷም ስትሰማ የኖረችው ነው። ሆስፒታሉ ደግሞ በባጃጅ አንድ አፍታ ነበር፤ ጤነኛ ሰው በእግሩ የሚደርስበት ቦታ።

ከሱቁ ጀርባ ባለችው መኝታ ክፍላቸው ደግፈው አስገቡት። ዳማከሴውን ጨምቃ ግንባሩን፣ አንገቱን፣ የተጣመመውን ጉንጩን ቀባችው። ጋቢ ደራረበችበት። ደቻሳ ትንሽ አያትና ዓይኑን ጨፈነ። ማንኮራፋት ሲጀምር «እሰይ፣ እንቅልፍ ወሰደው» ብላ ቀስ ብላ በሩን ገርበብ አደረገችና ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ሸጠች። ከአንዲት ደንበኛ ጋር በአንድ ሹራብ ተከራክራ፣ ተሳስቀው ተለያዩ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይከነክናታል። ከግድግዳው ማዶ ባሏ እያንኮራፋ እሷ ሹራብ ይዛ ትስቅ ነበር።

ገበያው መበተን ሲጀምር ልታየው ገባች። አልጋው ረጥቧል። ዓይኑ ተከፍቷል፣ አንደኛው ብቻ ግን በደንብ ያያታል። ቀኝ እጁን አንስታ ስትለቀው፣ እጁ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ዱብ አለ።

«ኦቦ ሌታ! ኦቦ ሌታ ድረስልኝ!»

ሌታ ገብቶ አየው። አሁን ምች አላለም። ወጥቶ ባጃጅ ጠርቶ፣ ደቻሳን እንደ ሕፃን አቅፎ ተሸከመው።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበላቸው ሐኪም ዶክተር ኤቢሳ ይባላል፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ዓይኑን በብርሃን አየ፣ እጅ እግሩን አነሳ፣ ግፊቱን ለካ። ግፊቱን ሲያይ ለነርሷ በፍጥነት አንድ ነገር ነገራት። ከዚያ ወደ አመለሸጋ ዞረ።

«እናቴ፣ መቼ ነው የጀመረው?»

«ጠዋት ነው ልጄ።»

«ጠዋት ስንት ሰዓት? ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረው መቼ ነው?»

«ልብስ ስለይ… ሦስት ሰዓት ይሆናል። ዳቦ አቀብይኝ አለኝ።»

ሐኪሙ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ። ሊመሽ ተቃርቧል።

«ምች መስሎን እኮ ነው» አለችው። «ተኛልን ብለን ነው።»

«ብዙ ሰው ምች ይመስለዋል» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ ስትሮክ ነው። ወደ ጭንቅላት ደም የሚወስደው ሥር ተዘግቶ ወይም ፈንድቶ ነው። ፊት በድንገት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲወላገድ፣ ከሦስቱ አንዱን ካያችሁ ሰዓቱን ይዛችሁ እየሮጣችሁ መምጣት ነው። ምች ይሁን ሌላ እኛ እንለየዋለን። የሚበላ የሚጠጣ በአፉ መስጠትም አይገባም፣ ወደ ሳንባው ይገባበታል።»

ለስላሳው ትዝ አላት። ሌታ ከኋላዋ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ያኔውኑ ባመጣው ይድን ነበር?» አለችው።

«እናቴ፣ አላውቅም» አላት ዶክተር ኤቢሳ። «የተዘጋውን ደም ሥር የሚከፍተው መድኃኒት እኛ ጋ የለም። አዲስ አበባም ቢሆን የሚገኘው በጥቂት ቦታ ነው፤ እሱም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለደረሰ ብቻ። ግፊቱን ግን ቀደም ብለን ባወረድነው ነበር። ትንም አይለውም ነበር። ከዚያ በላይ ብነግርዎ እዋሻለሁ።»

አዎ ቢላት ራሷን ትረግም ነበር፣ አይ ቢላት ትጽናና ነበር። «አላውቅም» ግን መያዣ መጨበጫ የለውም። ዓመታት አልፈው ዛሬም ያንኑ ቃል ይዛ ነው የምትተኛው።

የጭንቅላት ምርመራ እንዲደረግለት ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈለት። ነገር ግን በማግስቱ መንገድ ተዘጋ ተባለ፤ ከጊንጪ ወዲያ ድንጋይ ተደርድሯል፣ መኪና አያልፍም። የአምቡላንሱ ሹፌር መኪናውን አስነስቶ እስከ በሩ ወጣና ስልክ ሲደወልለት ተመለሰ። አመለሸጋ የደቻሳን ልብስ በፌስታል ይዛ ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር። ማንን ትለምን? መንገዱን የዘጋውን አታውቀው፣ የሚከፍተውን አታውቀው። ፌስታሏን ይዛ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። መንገዱ ሲከፈት ዶክተር ኤቢሳ «አሁን መሄዱ ብዙ አይለውጥለትም» አላት።

ቢፍቱ ከባኮ መኪና እየቀያየረች፣ በጭነት መኪና ጭምር ደረሰች። አባቷ ሲያያት እንባው ወረደ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ቢፍቱ» አለ። ከታመመ በኋላ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ነው። ክፍሉ በሙሉ ተደሰተ። ከዚያ በኋላ ቃላቱ አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ።

ሁሉም ግን ኦሮምኛ ነበሩ።

መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። ነርሶቹም ቢፍቱም በኦሮምኛ ያዋሩታል፣ ይመልሳል። አመለሸጋ በአማርኛ ስታዋራው ግን ትክ ብሎ ያያታል፣ ከንፈሯን ይከተላል፣ ከዚያ ፊቱን ያዞራል። የተቀየማት መሰላት። ቢፍቱ ዶክተሩን ጠየቀችው። አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፣ ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው አንዱ ተጎድቶ ሌላው ሊቀርለት ይችላል፣ ምናልባት ይመለስ ይሆናል አላቸው። አመለሸጋ «ምናልባት» የምትለዋን ይዛ ባሏን ወደ ቤት አስገባች።

አልተመለሰም። ቢፍቱ ወደ ሥራዋ ሄደች። ቀን ቀን ሌታ ብቅ እያለ ያስተረጉማል፤ ዓይኗን ግን አያያትም። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ «አመሌ፣ እኔ ነኝ…» ብሎ ሲጀምር አቋረጠችው። «ተወው ኦቦ ሌታ። አንተ ባትለው ሌላው ይለው ነበር። እኔም ብዬው ነበር፣ በልቤ።» ልታጽናናው አልነበረም። ለመቆጣት አቅም ስላጣች ነው።

ሌታ በማይኖርበት ሰዓት ሁለቱ ብቻቸውን ይቀራሉ። ቢሻን ሲል ውሃ ትሰጠዋለች፣ ቀና አድርጋ አስቀምጣ፣ ጠብ ጠብ እያደረገች፣ ነርሷ እንዳሳየቻት። ሌላ ቃል ሲያመጣ ግን መገመት ነው። «ቆራ» አላት አንድ ማለዳ። ቆሎ ያለ መሰላት። ቆሎ እንዴት ያኝካል ብላ በእጇ እምቢ አለችው። ደጋገመው፣ ጮኸ፣ አለቀሰ። ሌታ ሲመጣ ነው በርዶት እንደነበር ያወቀችው። ጋቢው ከአጠገቡ ወንበር ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቸገር ሲላት ለቢፍቱ ትደውልና ስልኩን ወደ አፉ ታስጠጋለታለች። ልጅቷ ከክፍል ወጥታ ትሰማለች፤ «እማዬ፣ ጀርባዬን እያለ ነው»፣ «እማዬ፣ ብርሃኑ ረብሾት ነው» ትላታለች። አንድ እሑድ ደቻሳ ረጅም ነገር ተናገረ፣ እየተደናቀፈ፣ እያረፈ። አመለሸጋ ከመሀሉ ስሟን ሰማች። «አመሌ» ብሏል፣ ደግሞ ብሏል። ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች።

«ምን አለ? ስለ እኔ ነው አይደል?»

«ቆይ እማዬ» አለች ቢፍቱ።

«ንገሪኝ እንጂ ልጄ። ከሰደበኝም ይስደበኝ።»

«አልሰደበሽም እማዬ።» ልጅቷ እያለቀሰች ነበር። «አመሌን አንድ ነገር ነክቷታል ነው የሚለኝ። ሳናግራት አትሰማኝም፣ የምትለውም ንግግር አይመስልም አለኝ። ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰጃት፣ እንዳይመሽባት አለኝ።»

አመለሸጋ ስልኩን ዘጋች። ደቻሳ በደህናው እጁ ነጠላዋን ይዞ ፊቷን እያየ ነበር፤ አንድ ጊዜ ግራ ጉንጯን፣ አንድ ጊዜ ቀኝ ጉንጯን፣ የተጣመመ ነገር እንደሚፈልግ ሰው። «ደህና ነኝ ደቼ» አለችው። «ምንም አልሆንኩም።» እሱ ግን ቃሏ አልገባውም። ይበልጥ ፈራ።

አሁን ማሽኑን ሌታ ከእሷ ገዝቶት እሱ ሱቅ ውስጥ ነው። አመለሸጋ ሰልባጇን ትሸጣለች። ገበያተኛ ሲያናግራት ዓይኗ ከአፉ ላይ አይነሳም። ባለፈው ዓመት ፊቷ የተጣመመባትን አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ አይታ፣ ሰዉ እየሳቀባት፣ ሴትዮዋም «ምች ነው ልቀቂኝ» እያለች፣ በግድ ባጃጅ ላይ አሳፍራ ወሰደቻት። ሐኪሞቹ መረመሯትና የፊት ነርቭ ብቻ ነው፣ ይድናል ብለው ኪኒን ሰጥተው ሸኟት። ሴትዮዋ ገበያዬን አስፈታሽኝ ብላ እስከ ዛሬ አኩርፋታለች። አመለሸጋ አልከፋትም።

ለደቻሳ የግፊት ኪኒኑን በየማለዳው ትሰጠዋለች። ጠበልም ወስዳዋለች፤ ቄሱ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪበት ብለው አደራ አሏት። እግሩ በዱላ እስከ በር ያደርሰዋል፣ ቀኝ እጁ ግን እንደወደቀ ነው። ኦሮምኛውን ከቢፍቱ እየተማረች ነው፤ በዚህ ዕድሜ ቃሉ ይገባል፣ አይቀመጥም። የቀረውን የምታልፈው በአንዲት ቃል ነው። ደቻሳ በሩ ላይ ተቀምጦ የሆነ ነገር ሲላት «ቶሌ» ትለዋለች፤ እሺ ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ያ ይበቃዋል፣ ተደግፎ መንገዱን ያያል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የጠየቃት ጥያቄ ይሆናል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይጠይቃታል፣ እሷም ከልብሱ ክምር መሀል ቀና ብላ ደግማ «ቶሌ ደቼ፣ ቶሌ» ትለዋለች።