የልኬት ደብተር ላይ የተሳለው ጥርስ

እህቴ «ምንም አይደል» የምትለውን ቃል ከአፏ ቢቀሟት ምን እንደምትናገር አላውቅም። ሰልፍ ላይ ሰው ይቀድማታል፤ ምንም አይደል። አውቶቡስ ውስጥ እግሯን ይረግጧታል፤ ምንም አይደል። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ብርድ ልብስ ተውሳ በካውያ አቃጥላ ስትመልስላት፣ «ምንም አይደል፣ የተቃጠለውን በእግር በኩል አደርገዋለሁ» አለቻት። እኔ የዚህ ተቃራኒ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አፌም ከመቀሴ አያንስም ይሉኛል። እሷ «እሳቷ» ትለኛለች፣ እኔ እሷን እታለም እላታለሁ፤ በአምስት ዓመት ታላቄ ናት። ይህንን የምጽፈው ተናድጄ ነው፣ ንዴቴ እስኪበርድ ልጠብቅ ብል ደግሞ የሚበርድ አልመሰለኝም።

እታለም ሆስፒታል ካርድ ክፍል መሥራት ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ካርድ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ ያለው ካርድ የምትቀበልበት ቀዳዳ ብቻ ነው። በዚያች ቀዳዳ ሰው ቀኑን ሙሉ አንገቱን እያስገባ «ጥርስ የት ነው?»፣ «ለዓይን በየት ነው የሚኬደው?» ይላታል። ኮሪደሩ ላይ ጽሑፍ ሞልቷል። ግን ማንበብ የማይችል አለ፣ መነጽሩን ቤት የረሳ አለ፣ ሕመሙ ፊደሉን የሚያደበላልቅበትም አለ። አንድ ቀን ምጥ የያዛት ሴት ራጅ ክፍል በር ላይ ተራ ስትጠብቅ አገኘቻት። ደግፋ ወሰደቻት፣ ተመለሰችና በአሮጌ ክላሴር ጀርባ ላይ ሆዷ የገፋ ሴት ሳለች። በማግስቱ ጥርስ ሳለች፣ ከዚያ ዓይን። ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤ ጥበቃው «ቀለሙን ያበላሻል» ብሎ ይነቅለዋል፤ እሷም ምንም አይደል ብላ ሌላ ትለጥፋለች።

በኋላ አስተዳዳሪው ጠርቶ፣ «ሥራሽ ጥሩ ነው፣ በእስክሪብቶ ግን አይሆንም» አላት። ሆስፒታሉ የግራፊክስ ባለሙያ የሚል መደብ ሊከፍት ነው፤ ከሠራተኛው መካከል የምስክር ወረቀት ያለው ይወዳደራል። ከዚያ ጉድጓድ ወጥታ መስኮት ያለው ክፍል ልትቀመጥ፣ ያውም የምትወደውን እየሠራች! በአርባ ሦስት ዓመቷ ተከታታይ ትምህርት ተመዘገበች። ኮምፒውተር ግራፊክስና ዲጂታል ዲዛይን፣ ቅዳሜና እሁድ፣ አንድ ዓመት ተኩል።

ትምህርት ቤቱን አንድ ቅዳሜ ምሳ ላደርስላት ሄጄ አየሁት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሃያ አንድ ኮምፒውተር ተደርድሯል፤ የሚሠራው አሥራ አራቱ ነው፤ ተማሪው ሠላሳ አራት። እታለም ከአንድ ፀጉር አስተካካይ ጋር አንዲት ማውስ ይዘው ተራ ይጋፋሉ። ከኮሪደሩ ማዶ በመስታወት በር ሳይ አዲስ ኮምፒውተር እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ተቀምጧል፣ በሩ ላይ ቁልፍ። «ይሄስ?» ብል፣ «የመደበኛ ተማሪዎች ነው፤ ቅዳሜ አይከፈትም» አሉኝ። የመደበኛ ተማሪ እኮ ቅዳሜ የለም! ለማን ነው የሚቆለፈው? ለአቧራው? እታለም እጅጌዬን ይዛ ደረጃውን አወረደችኝ እንጂ የዚያን ቀን አንድ ነገር ይፈጠር ነበር።

ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የላትም። ስለዚህ የቤት ሥራዋን ሁሉ አስቀድማ በወረቀት ትሠራለች። ወረቀቱ ደግሞ የእኔ ነው። ልኬት የምጽፍበት ደብተር ባለ ካሬ ስለሆነ ቀጥ ያለ መስመር ለማስመር ያመቻል ብላ ሱቄ ትመጣና፣ እኔ የደንበኛ ልኬት ጽፌ ባዶ የተውኩት ግማሽ ገጽ ላይ በእርሳስ ትስላለች። ከዚያ በስልኳ ፎቶ ታነሳዋለች፣ ቅዳሜ ኮምፒውተሩ ላይ ከሥር ታደርገውና በላዩ ላይ እየተከተለች በማውስ ትስለዋለች።

ይህን ነገር ሌየር ይሉታል። እኔ የገባኝ እንደ ገበር ነው። ሰው የሚያየው ላይኛውን ጨርቅ ነው፤ ገበሩ ከውስጥ አለ። ከእያንዳንዱ ሌየር አጠገብ ትንሽ የዓይን ምልክት አለች፤ ስትነካት ያ ሌየር ይሰወራል፣ ደግመህ ስትነካት ይመለሳል። ሌሎቹ ሲጨርሱ የሥሩን ያጠፉታል። እታለም ግን አጥፍታ አታውቅም። «ለምን ይጠፋል? ይኑር፣ ብቻ አይታይ» ትላለች። እንኳን ሌየር የተቀደደ ካልሲ የማትጥል ሴት ናት።

አስተማሪው ከእሷ በአሥር ዓመት ያንሳል፤ ሆኖም አንቺ ነው የሚላት። እሷ እርስዎ ትለዋለች። ከማስተማሩ ጎን የማስታወቂያና የኅትመት ድርጅት አለው። «ዘመኑ የዲጂታል ነው፣ አንቺ አሁንም ደብተር ታቅፈሽ ትመጫለሽ?» ብሎ ክፍሉን ያስቃል። ተማሪው «እትዬ ወረቀት» የሚል ስም አወጣላት። ምንም አይደል አለች። እኔ ስሰማ ቆሽቴ አረረ፤ የማን ደብተር ላይ ነው የሚቀለደው?

የመመረቂያ ሥራዋ የሆስፒታሉ ምልክቶች ሆነ። ሃያ ሁለት ሥዕል። ለነፍሰ ጡሯ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሱቄ ውስጥ ቀሚሴ ሥር ትራስ ወትፋብኝ፣ «ግራ እጅሽን ወገብሽ ላይ፣ ደክሞሻል፣ ደክሞሻል በይ» እያለች ስታዘኝ፣ አንዲት ደንበኛዬ ገብታ «ውይ! ለማን ብለሽ ደበቅሽን?» ብላ አቀፈችኝ። ትራሱ ወለል ላይ ዱብ ሲል የሴትዮዋን ፊት ማየት ነበር። ሥዕሏ ግን ስታምር! ያቺን ሴት ያየ ሰው ወዴት እንደምትሄድ አይጠፋውም።

ከግምገማው ሁለት ወር በፊት አስተማሪው «ለማረም» ብሎ የሁሉንም ፋይል በፍላሽ ሰበሰበ።

አንድ ሰኞ እታለም ሱቄ እየሮጠች መጣች። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። «ተሰቀሉ!» አለችኝ። «ምኑ?» «ሥዕሎቼ! ሆስፒታሉ ሙሉ! በትልቁ ተሠርተው!» አብሬያት ሄድኩ። እውነት ነው፤ ጥርሱ፣ ዓይኑ፣ የእኔ ትራስ ሳይቀር። እሷ ሰማያዊ ያደረገችው አረንጓዴ ሆኗል፤ ሌላው እንዳለ ነው። ከእያንዳንዱ ሥር በስተቀኝ ጥግ ስም አለ፣ የአስተማሪው ድርጅት ስም።

«ጠየቀሽ?» አልኳት።

«አልጠየቀኝም።»

«ነገረሽ?»

«ተይ አንቺ፤ ምናልባት ሊያስደስተኝ ብሎ ይሆናል። ያቺን አሮጊት እያት፣ ማንንም ሳትጠይቅ ዓይን ክፍል ገባች። ስሙ ምንም አይደል።»

ደሜ ፈላ። ዓይን ያወጣ ሌብነት ነው፣ እሷ ደግሞ ታመሰግናለች! በሦስተኛው ሳምንት ግን ማመስገኑም አበቃ። ግምገማ ላይ ቀረበች፤ ሥራዋን ገና አሳይታ ሳትጨርስ ከገምጋሚዎቹ አንዷ፣ «ይህን እኮ ሆስፒታል ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ። የሰው ሥራ ገልብጠው ነው እንዴ ለመመረቅ የመጡት?» አለቻት። እታለም ወደ አስተማሪው ዞረች። አስተማሪው ስልኩን ይነካካ ነበር። ቀና አላለም። ውጤቷ ላይ «የተገለበጠ ሥራ፤ ወድቃለች» ተብሎ ተጻፈ። የመደቡ ማመልከቻ የሚዘጋው በቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ነው።

ያን ቀን ምንም አይደል አላለችም። ሱቄ መጥታ የልብስ ክምር ላይ ተቀመጠችና እጇን ታይ ጀመር። «አልገለበጥኩም እኮ» አለችኝ፣ እኔ የተጠራጠርኳት ይመስል። እዚያው መቀሱን አስቀምጬ ሱቄን ዘጋሁ።

የትምህርት ቤቱ ዲን ቢሮ ሦስት ቀን ተመላለስን። ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ወጥተዋል፤ ነገ ኑ። በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ በሩ ላይ ወንበር አስጠግቼ ሥራዬን ይዤ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ መዘምዘም ስጀምር አስገቡን። አስተማሪውም ተጠራ። ላፕቶፑን ይዞ፣ ሽቶውን ተቀብቶ መጣ።

«ሥራው የድርጅቴ ባለሙያዎች ነው» አለ ፊቱ ቅንጣት ሳይለወጥ። «እሷ እዚያ ስለምትሠራ አይታ ገልብጣዋለች። ይኸው ዋናው ፋይል።» ላፕቶፑን ወደ ዲኑ አዞረው። አረንጓዴው ጥርስ ስክሪኑን ሞላው።

እኔ አፌን ስከፍት እታለም ጉልበቴን ያዘችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ቲቸር፣ የመጨረሻዋን ሌየር ይክፈቱልኝ» አለችው።

«የቷን?»

«ከሥር ያለችውን። ዓይኗ የተዘጋችውን።»

ሰውየው አልነካም። ዲኑ ራሱ ጣቱን ዘርግቶ ነካት። ከአረንጓዴው ጥርስ ሥር ባለ ካሬ ወረቀት ብቅ አለ። በእርሳስ የተሳለ ጥርስ፣ ሁለት ጊዜ በላጲስ ጠፍቶ የተስተካከለ ሥሩ፣ ከጎኑም በእኔ ወልጋዳ ጽሑፍ፦ ወገብ 84፣ ዳሌ 110፣ ቁመት 96፣ እጅጌው ሰፋ ይበል።

ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። «የማን ወገብ ነው?» አልኩ ተነስቼ። «ይንገሩን እንጂ! ሰማንያ አራት የማን ወገብ ነው? ድርጅትዎ ውስጥ ቀሚስም ይሰፋል?»

«እ... ከሠራተኞቼ አንዷ ምናልባት...»

«ሠራተኛዎ አይደለችም! ነርስ የሆነች የጎረቤቴ ወገብ ነው!» ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ያው ገጽ፣ ያው ጥርስ፣ ያው ሰማንያ አራት፣ ከላይ ያለፈው ዓመት ቀን። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው እንዲያ ኩም ሲል አይቼ አላውቅም። ኮቱን ሰርቆ ቀለም ሲነክር ገበሩን ገልጦ አላየም። ሃያ ሁለቱም ፋይል ሥር የእኔ ደንበኞች ወገብና ዳሌ ተደርድሮ ነበር።

አሁን እዚህ ጋ ፍትሕ የሚመጣ ይመስላችኋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ዲኑ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አደረገው፣ እንደገና አውልቆ ጠረገ። «እንግዲህ፣ አለመግባባት ተፈጥሯል» አለ። አለመግባባት! ማን ማንን አልገባውም? «ውጤቱ ይስተካከላል። ነገ ጠዋት ሬጅስትራር ይምጡና የምስክር ወረቀትዎን ይውሰዱ።» አስተማሪው ላፕቶፑን አጥፎ ወጣ። ይቅርታ የለ፣ ደህና ዋሉ የለ። ቅዳሜም ያስተምራል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ስምም የእሱ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሬጅስትራር መስኮት ፊት ቆምን። የምስክር ወረቀቱ ከመስታወቱ ማዶ ይታያል፤ ስሟ በትልቁ፣ ማኅተሙ ተመቶ። መዝጋቢዋ አንድ ፎርም በቀዳዳው ገፋችልን። «እዚህች ጋ ይፈርሙና ይውሰዱት።»

እታለም መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። በላይዋ አጮልቄ አየሁ፦ «በውጤቴም ሆነ በትምህርት ክፍሉ ላይ ምንም ዓይነት ቅሬታ የለኝም።»

«ይህን ካልፈረምኩስ?»

«አይሰጥም፤ እንደዚያ ነው የታዘዝነው» አለች መዝጋቢዋ።

ሰዓቱን አየሁ። ሆስፒታሉ ማመልከቻ የሚቀበለው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ያን ሁሉ ቀን ስጮህ የከረምኩት፣ እሳት የምባለው እኔ፣ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ፈርሚ» አልኳት። «እታለም፣ በናትሽ ፈርሚና እንሂድ። ቃል ነው፣ ማን ያየዋል? መስኮት ያለው ክፍል እኮ ነው። ምንም አይደል።»

ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ራሴ ከአፌ የወጣውን ሰምቼ አፈርኩ።

«የለኝም ነው የሚለው» አለች።

«አዎ።»

«አለኝ እኮ።»

መዝጋቢዋ «ምን አሉ?» አለቻት።

«ቅሬታ አለኝ» አለች እታለም ድምጿን ከፍ አድርጋ። ፎርሙን ገለበጠች፤ ጀርባው ባዶ ነው። እስክሪብቶዋን አወጣችና መደገፊያው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ካርድ ክፍል በምትጽፍበት በዚያ ጥንቁቅ እጇ፣ ከላይኛው ጠርዝ ጀምራ መጻፍ ጀመረች። የተቆለፈውን ክፍል ጻፈች። ፍላሹን ጻፈች። ስልኩን ሲነካካ የነበረውን ሰው በስሙ ጻፈች።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ገጹ ሞላ። እኔም ቦርሳዬን ከፍቼ የልኬት ደብተሬን አወጣሁና፣ ባዶ ገጽ ፈልጌ ከፊቷ ዘረጋሁላት።