ሱሩር የቀላቀለው ቤንዚን

ሱሩር ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ሞተር ይጠግናል። አባቱ መተማ ላይ ጨርቅ ይነግድ ነበር፤ እሱ ግን ፋሽጋ እርሻ ላይ ትራክተር ሲፈታና ሲገጥም አደገ። የሚሠራው ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ፣ አንዲት የኒም ዛፍ ሥር ነው። ሞተር ሲነሳ መዳፉን ጣል ያደርግበትና ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ዕውቀት ምንጭ አራት ዓመት ተምሬአለሁ፤ ስለ መዳፍ ግን ማንም አልነገረኝም።

ልጄ አንዳርጌ ከካርቱም የተፈናቀሉ ሰዎች የሸጧትን ትንሽ የሜዳ ሞተርሳይክል ለልጁ ለአበባ ገዛላት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከእርሻችን እስከ ትምህርት ቤቷ ሩቅ ነው።

ሱሩር ሞተሯን አንዴ አስነስቶ ሲያበቃ፣ «ይቺ ነብር ናት» አለ። «ፍየል እናድርጋት።»

የመቀመጫውን ስፖንጅ ቆርጦ እግሯ መሬት እንዲነካ አደረገ። ጣቶቿን በክር ለክቶ የፍሬኑን እጀታ ወደ እሷ አጠጋው። ነዳጅ መስጫው ከግማሽ በላይ እንዳይከፈትም ብሎን አሰረበት።

«አሞ ሱሩር፣ ኤሊ አደረግካት እኮ!» አለች አበባ፤ «አሞ» በአገሩ አጎት ማለት ነው።

«ኤሊ ስትወድቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? ስታድጊ በየዓመቱ ሩብ ዙር አላላልሻለሁ።»

ሞተሯን ልንወስድ የሄድን ዕለት ሱሩር ቤንዚን በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ጠቆር ያለ ነገር ሲጨምርና ሲንጥ አየሁት። ያኔ መንገድ ዳር በጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው የተበረዘ ነበር። ሌባ የያዝኩ መሰለኝ።

«አንተ! በልጅ ነዳጅ ላይ ባዕድ ነገር ትጨምራለህ?»

«ኡስታዝ፣ ይቺ ሞተር ዘይቷን ከቤንዚኑ ጋር ነው የምትጠጣው። አለዚያ ፒስተኗ...»

«አርባ ዓመት ያስተማርኩትን እኔን ልታስተምረኝ ነው?»

ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዳው ሙዳሲር ሳቁን ለቀቀው። «ወላሂ፣ የእኔ ራክሻ ለካ በአንተ ነው የምታስለው!» አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። ሱሩር እጁን በጨርቅ ጠረገና ድብልቁን ሞተሯ ውስጥ ሞላው።

ቤት ስደርስ ሱሩር የሞላውን ደፋሁና ከማደያ ያስቀዳሁትን ንጹሕ ቤንዚን ሞላሁ። ያን ሌሊት እንቅልፌ የጻድቅ እንቅልፍ ነበር።

በማግስቱ አበባ ሰሊጡ በታጨደበት ሜዳ ላይ ስትዞር፣ በሦስተኛው ዙር ሞተሩ ጮኸና ድርቅ አለ። የኋላው ጎማ ተቆልፎ ልጅቱን ወረወራት። ሮጬ ስደርስ መዳፏ ተልጦ፣ ጉልበቷ ደምቶ ቆማለች። ፍጥነቷን የገደበችው የሱሩር ብሎን ባትኖር ኖሮ በእግሯ አትቆምም ነበር።

አንዳርጌ ሞተሯን ወስዶለት ሲመለስ፣ «ሱሩር አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ» አለ። «‹ቤንዚኑን ማን ቀዳው?› ብሎ።»

እኔ ነኝ አላልኩም፤ ዘይት አልባው ቤንዚን ፒስተኗን እንዳደረቃት ግን ገብቶኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ገበያ በወጣሁ ቁጥር «ሱሩር ቤንዚን ይበርዛል» ሲባል እሰማለሁ። ኒሟ ሥር የሚቆሙት ራክሻዎችም አነሱ። ስህተትና ውሸት ለየቅል ናቸው ብዬ አስተምር ነበር፤ ስህተቴ ዝም ባልኩበት ቀን ሁሉ ወደ ውሸት ሲለወጥ ግን እያየሁ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ ሄድኩ። የሄድኩትም ሰው ሁሉ ከፀሐይ በሚሸሸግበት በቀትር ነው፤ ሰዓቱን መርጬ።

«ሱሩር፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

የተቧጨረውን ፒስተን አገላበጠ። «ኡስታዝ፣ ያን ቀን እዚህ ስንት ሰው ነበር?»

«ስድስት... ሰባት።»

«አሁንስ?»

ባዶውን አግዳሚ አየሁት። ሱሩር አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በርጩማ ጥላ ውስጥ አስቀመጠና ውሃ ቀዳልኝ።

«ይቀመጡ። በረድ ሲል ይመጣሉ።»

እሱ እየሠራ፣ እኔ መሬት መሬት እያየሁ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። መጀመሪያ የመጣው ሙዳሲር ነበር፤ ራክሻውን ሳያጠፋ፣ «ኡስታዝ፣ እንዳይበርዝ በራዡን እየጠበቁት ነው?» አለ። ከኋላው ሌሎች ሁለት ቆሙ።

ተነሳሁ። «ሱሩር ልክ ነበር። ያለ ዘይት ቀድቼ ልጅቱን የጣልኳት እኔ ነኝ።»

«ጮክ ይበሉ፣ ኡስታዝ» አለ ሱሩር፣ ከሥራው ቀና ሳይል። «ራክሻው ይጮኻል።»

ሙዳሲር ራክሻውን አጠፋ። እንደገና ተናገርኩ።