የቄሳር ፊት በዋሄን

ባለፈው ሳምንት ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ አንዲት ወዳጄ ቤት ምሳ ተጠርቼ የልጅ ልጇን አቀፍኳት። በሕፃኗ አንገት ላይ በጥቁር ክር የታሰረች የብር ሳንቲም ነበረች። ጣቴ ጠርዟ ላይ ሲያርፍ ትንሽ የሞረድ ጭረት አገኘ። ሞረዱን አውቀዋለሁ፤ የአጎቴ ነበር።

ወጣት ሳለሁ ሐርጌሳ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ገና በመሠራት ላይ ነበረች። ዋሄን ገበያ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ሲመታ ይውላል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ከፍርስራሹ የእርጥብ አመድ ሽታ ይነሳል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከሐረር መጥቼ፣ እዚያው ገበያ ውስጥ ብር አንጥረኛ ለነበረው አጎቴ ወናፍ እነፋ ነበር።

አንድ ጠዋት፣ የግመል ወተት ያለበት ሻሂያችንን ሳንጨርስ፣ ኤዶ ሰፊያ ከልጇ ከሁዳ ጋር መጣች። ኤዶ የምላት በዚያ አገር ለትልቅ ሴት እንዲሁ ስለሚባል ነው። ጅግጅጋ በስደት ስትኖር አማርኛ ለምዳለች። የጨርቅ ቋጠሮ ፈታች። ስብርባሪ የብር ጌጥና አንዲት ጥቁር ሳንቲም ነበሩ፤ የተቃጠለ ቤታቸውን ፍርስራሽ ሲጠርጉ ያገኟቸው፣ የእናቷ ጌጦች።

«ሁሉንም አቅልጠህ ወፍራም አምባር አውጣልኝ» አለችው። «የሁዳ ሠርግ ዓርብ ነው። አማቶቿ መጀመሪያ የሚያዩት እጇን ነው።»

አጎቴ ሳንቲሟን በጥርሱ ነከሳት፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፅዋን ሰማ። ቅርጿ ጎርበጥባጣ ስለሆነ እርሳስ በብር የተለበጠ መሰለው። ጠርዟን በሞረድ ፋቅ አደረገ። ውስጧም ነጭ ነው።

«ብር ናት። ጠርዟ እንደተሰነጠቀ አየሽ? በመዶሻ የተመታች እንጂ በቅርጽ የፈሰሰች አይደለችም። ማርያ ትሬዛም አይደለች፣ የሕንድ ሩፒም አይደለች። የማን ናት?» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ።

ወደ በሩ ብርሃን ወጣሁ። ቅጠል የተቀዳጀ ሰው ወደ ጎን ዞሮ ይታያል። ዙሪያውን ያሉት ፊደላት ትምህርት ቤት የተማርኳቸው የፈረንጅ ፊደላት ናቸው። አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፤ ቄሳር ይላል። የሮማ መርከቦች ከርቤ ፍለጋ በዚህ ባሕር ዳርቻ ይመጡ እንደነበር ለፈተና ሸምድጄ ነበር። እውነት መሆኑ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልገባኝም ነበር።

«የሮማ ናት፣ አጎቴ። ምናልባት በነቢዩ ዒሳ ዘመን የተመታች።»

አጎቴ ጉጠቱን አስቀመጠ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ ቀስ ብሎ። ወናፉን ስለረሳሁት እሳቱ ጠቆረ።

«ታዲያ ለልጄ ሠርግ ከሮማ ድረስ ከመጣ፣ ይግባ እሳቱ ውስጥ!» አለች ኤዶ ሰፊያ። ሳቅን። አጎቴ ግን ስብርባሪውን በመዳፉ መዘነና፣ ሳንቲሟ ካልቀለጠች አምባሩ ቀጭን እንደሚሆን ነገራት። ሳቋ ጠፋ።

ሁዳ ግን፣ «ሆዮ፣ ይቅጠን» አለች እናቷን። «ቤታችን ሲቃጠል ያልቀለጠውን እኛ እናቅልጠው?»

ኤዶ ሰፊያ ሳንቲሟን አንስታ በሻሿ ጫፍ ቋጠረች። «ቀጭኑን አሳምረህ ሥራው» አለችው አጎቴን፣ ፊቷን ወደ ገበያው አዙራ።

ባለፈው ሳምንት ምሳ የጠራችኝ ወዳጄ ይህችው ሁዳ ናት። ሩዙን ስታቀርብ ያ ቀጭን አምባር እጇ ላይ ነበር። ሕፃኗ ሳንቲሟን ይዛ ጥርስ ባላወጣ ድዷ መንከስ ጀመረች፤ ልክ እንደ አጎቴ። ሳንቲሟ ላይ ያለው ቄሳር ስንት አገር ገዝቶ ይሆን እያልኩ አየኋት። ምራቋን ጠረግኩላት፤ ሳንቲሟን ግን ከአፏ አላወጣሁም።