የዳገቷ በር ከፋች

ዳገት ላይ ለሚኖር ሰው ሁለት ነገር ግዴታ ነው፤ ጥሩ ጉልበትና ጥሩ ጆሮ። ጉልበቱ እሺ፣ ለመውጣት ነው። ጆሮው ግን በዛፉ ምክንያት ነው። ሰፈሩን ዛፍ ውጦታል፤ ከግቢህ ቆመህ የጎረቤትህን ጣሪያ እንኳ አታይም፣ መንገዱንማ ተወው። ታች ከተማ ያሉት «አቤት አየሩ!» ይላሉ። እነሱ ምን አለባቸው፣ በዕረፍት ቀን መጥተው አየሩን ስበው ይሄዳሉ።

ድሮ ነገሩ ሁሉ ጫካ ነበር አሉ። መጀመሪያ የወጡት ከተማ ውስጥ ቦታ ያጡ ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ውሃ በትከሻቸው እየተሸከሙ። መንገዱ ቆይቶ መጣ፤ ሲመጣም እንዲህ ቀጥ ያለ አቀበት ሆኖ አረፈው። መኪና እዚያ ላይ አንዴ ከቆመ ወደ ኋላ መንሸራተት ነው። ስለዚህ የዳገቱ ሰው የራሱን ዘዴ አበጀ። የቤቱ መኪና ከታች ያለው ኩርባ ላይ ማርሽ ሲቀይር ድምፁን ለይቶ ይሰማል፣ ሮጦ በር ይከፍታል፣ ሹፌሩም ሳይቆም ሰተት ብሎ ይገባል። ጥሩምባ የሚነፋ ካለ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ከሚስቱ ጋር ተኳርፏል።

በዚህ ሙያ የዳቦ አከፋፋዩን ሚስት የሚያህል አልነበረም። ባሏ ከዳቦ ቤት ወደ ከተማው ሱቆች ዳቦ የሚያደርስ ሰው ነው። መኪናው አሮጌ ናት፤ ኩርባው ላይ ስትደርስ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሁለቴ ትስላለች። ሴትዮዋ ሽንኩርት እየከተፈችም ይሁን ልጅ እያጠባች፣ ያቺን ሳል ከሰማች ብድግ ነው። አንድ ቀንማ ፀጉሯን እየታጠበች ሰምታ፣ ሳሙናው በጆሮዋ እየወረደ ወጥታ ከፍታለች። ባሏ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ዘቤ» አላት፤ የኔ ዘብ ማለቱ ነው። እየገባ አንገቱን በመስኮት ብቅ ያደርግና «ዘቤ፣ ጠላት አልገባም?» ይላታል። «ከአንተ በቀር ማንም» ትለዋለች። ዕድሜ ልካቸውን ይህቺኑ ቀልድ ሲቀልዱ ኖሩ፤ አንድም ቀን አልሰለቻቸውም።

ቀን ሲጎድል ሰውየው መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ከዚያ የሱቆቹን መንገድ፣ ከዚያ የአንድ ልጁን ስም። መኪናዋ ተሸጠች። የገዛት ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከእነሱ በላይ ዳገቱ ጫፍ የሚኖር አናጢ! ያ ሁሉ ከተማ እያለ ሌላ ገዢ ጠፍቶ! በነጋታው አመሻሽ ላይ መኪናዋ ስትስል የሴትዮዋ እግር ቀድሟት ሄዶ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። አናጢው እጁን አውለብልቦላት ሽቅብ አለፈ። ጎረቤት ሳቀባት። እሷም አብራ ሳቀች፣ ቤት ገብታ ግን አለቀሰች።

ኋላ ላይ ያቺው ሳል መጽናኛዋ ሆነች። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ይውልና መኪናዋ ስትስል ቀና ብሎ «በሩ!» ይላል። እሷም ወርዳ ትከፍታለች፣ አናጢው ያልፋል፣ ትዘጋለች። ይህን የሚያዩ ጎረቤቶች «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ያሟታል። ይበሉ። በር የሚከፍትለት ከእሷ ሌላ ማን አለ? «በሩ» ካለ እሷን ነው የጠራው፤ እሷን ከጠራ ያውቃታል ማለት ነው። በዚያች አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥላ ከረመች።

ሴት ልጃቸው ከተማ ልብስ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። በዕረፍት ቀኗ እናቷን ልታይ መጣች።

«እማዬ፣ በቃ። አንቺ እኔ ጋ ትመጫለሽ፣ አባዬ ነርስ ያለበት መጦሪያ ይገባል። ባለፈው ሲወድቅ ብቻሽን ላንሳው ብለሽ ወገብሽን አልተቀጨሽም?»

«ባሌን ለሰው ጥዬ የት አባቴ እሄዳለሁ?»

«አያውቅሽምኮ፣ እማዬ!»

«ያውቀኛል አልኩሽ! አንቺን ረስቶ ይሆናል፣ እኔን አይረሳም!»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የከበዳት። እናትየው ድምጿን ለስለስ አደረገች። «እስኪመሽ ቆዪ። መኪናዋ ስትመጣ በጆሮሽ ስሚው። ካላወቀኝ እንዳልሽ ይሁን።»

ተስማሙ። ያን ቀን ፀሐይ አልጠልቅ አለች። ሴትዮዋ ባሏን አጠበችው፣ ንጹሕ ሸሚዝ አለበሰችው፣ ፀጉሩን አበጠረችለት፣ ልክ ልጇን ለፈተና እንደምትልክ እናት። «አደራህን፣ ዛሬ እንዳታሳፍረኝ» አለችው በጆሮው። እሱ ግድግዳውን እያየ ነበር።

መኪናዋ ሳለች። ሰውየው ቀና አለ።

«በሩ!»

ሴትዮዋ ልጇን «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አየቻትና ወረደች። ከፈተች። አናጢው አለፈ። መቀርቀሪያውን በቅጡ ሳትመልስ ወገቧን ይዛ ተመለሰች፤ ፊቷ እንደዚያ ከበራ ስንት ጊዜው!

ሰውየው ሲያያት የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ሊነሣ ሞከረ።

«ይግቡ፣ ይግቡ» አላት። «በር ላይ ሚስቴን አላገኟትም?»

ክው አለች። «ማንን?»

«ዘቤን። በር ልትከፍት ወርዳ ነው፣ አሁን ትመጣለች። እስክትመጣ አረፍ ይበሉ።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ሴትዮዋ «እኔ ነኝኮ! አንተ ሰው፣ ዘቤ እኔ ነኝ!» ልትል ነበር። ግን ሰውየው እሷን አልፎ፣ አንገቱን አስግጎ የሚያየው ከኋላዋ ያለውን በር ነው፤ በናፍቆት ነው የሚያየው። ወይ መከራ! ምን ትበለው? ሚስትህ የለችም ትበለው? ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ዛሬስ ቆየችብኝ» አለ።

«ትመጣለች» አለችው።

ቀና ብላ ልጇን ሳታይ ተናገረች።

«ልብሱ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። ወፍራሙን ሹራብ እንዳትረሺ፣ ብርድ አይችልም።»