የቀለም ኳሶችና የጫጩት ሳጥኔ

አሰላ ውስጥ የተበላሸ ዕቃ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ወደ እኔ ቤት እየመጣ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ሬዲዮ ፈትቼ ገጥሜአለሁ፤ የሞተ የውሃ ፓምፕ አስነስቻለሁ። ከሮቤና ከጎበሳ ሳይቀር ዕቃ ይላክልኛል። ጉራ ነው ካላችሁም፣ የሠራ ሰው ጉራ ነው።

ታናሽ ልጄ የአዲስ አበባ ሥራዋን ትታ መጣችና ባህር ዛፋችን ውስጥ የተኩስ መጫወቻ ከፈተች። ተጫዋቾቹ ጭምብል አጥልቀው በአየር ግፊት ጠመንጃ ይታኮሳሉ። ጥይቱ ቀለም የሞላበት ኳስ ነው፤ ሰው ላይ ሲፈነዳ የተመታው ይወጣል። ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያ ደንበኞቿ፣ የአንድ ሙሽራ ሚዜዎች፣ ሊመጡ ነው። ካልተሳካላት ተመልሳ ልትሄድ ነው።

ሐሙስ ማለዳ ስትሞክረው የእኛ ብርድ የኳሶቹን ሽፋን አጠንክሮ ተሰባሪ አድርጎት ኖሮ አፈሙዙ ውስጥ ተሰባበሩ። ልጄ ጉቶ ላይ ቁጭ አለች።

«ተይው ይሄን እንቁላል» አልኳት። «ለዒላማ መለማመጃ ያመጣሽው የፕላስቲክ ኳስ ይሻላል። አይሰበርም፤ ለቅመሽ፣ አጥበሽ መልሰሽ ትተኩሽዋለሽ።»

«እሱ ለቆርቆሮ ነው እንጂ ለሰው አይደለም፣ አባባ። ያማል። ደግሞ ምልክት አይተውም፤ ማን እንደተመታ በምን ይታወቃል?»

«እኔን ምቺኝና እንየው።»

«ኧረ አይቀልዱ!»

«ፈራሽ?»

ጭምብል አጥልቄ፣ ካፖርቴን ደርቤ ጀርባዬን ሰጠኋት። ያገኘችኝ መቀመጫዬ ላይ ነው። አልጮህኩም።

«ሳትሽኝ» አልኳት።

«እንግዲያው ይቀመጡ።»

ሻዬን ቆሜ ጠጣሁ። እሷ በሳቅ ፈረሰች፤ እኔም ገባኝ። ቀለም ከሌለ የአርሲ ጎረምሳ ሁሉ እንደ እኔ «ሳትከኝ» ነው የሚለው።

እንቁላል ካልኩት አይቀር እንደ እንቁላል ያዝኩት። ጫጩት የማሳድግበት፣ በአምፖል የሚሞቅ፣ ራሴ የሠራሁት ሳጥን አለኝ። ጫጩቶቹን ወጥ ቤት አስገባሁና ኳሶቹን በቦታቸው ደረደርኩ። ሙቀት ሲበዛ እንዳይለሰልሱ አምፖሉን ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት አንድም ኳስ አፈሙዝ ውስጥ አልተሰበረም። ዋናው ሚዜ ደረቱ ቢጫ ሆኖ «አልተነካሁም!» እያለ ሲወጣ ልጄ ዞር ብላ አየችኝ።

እንግዲህ የሠራሁት ይኸው ነው፦ የአሰላን ብርድ በአንድ አምፖል አሸነፍኩ፤ ፕላስቲኩን ወደ ቆርቆሮው መለስኩ፤ ተመትቼ አልጮህኩም፤ ከጫጩቶቼ አንድም አልሞተብኝም፤ ልጄን ቤቷ አስቀረሁ። መቀመጥም ጀምሬአለሁ፣ በአንድ ጎን።