ለልብስ ሰፊዋ የጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች

የምሠራበት ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት መራመድ ላልቻሉ ሰዎች ዊልቸር ይሰጣል። የመግዣውን ገንዘብ ከሰው የምለምነው እኔ ነኝ፤ በደብዳቤ። ባለቤቴ ስለ ሥራዬ ሲጠይቋት «ይለምናል፤ ግን ከወንበሩ ሳይነሳ» ትላለች።

ድሮ የቋንቋ መምህር ስለነበርኩ እንደ እኔ ዓረፍተ ነገር የሚያሳምር ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። አንድ ዓመት ላይ ደግሞ ራሴን በለጥኩት። ደብዳቤውን ጨርሼ ሳነበው የገዛ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሥራ አስኪያጃችን «ቆንጆ ነው፤ ትንሽ አልረዘመም?» ስትለኝ እስከ ማግስቱ አኮረፍኳት። ለአራት መቶ ለጋሾች ላክነው። የመለሱልን ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ ሁለቱ «ሁለተኛ እንዳትልኩልኝ» የሚሉ ነበሩ።

አንዲት እናት ደግሞ ደብዳቤዬን ራሱን መልሰው ላኩት። ስድስት ዓመት ሳያቋርጡ በየወሩ በፖስታ ገንዘብ የላኩልን ልብስ ሰፊ ናቸው። «ድርጅታችን» የሚለውን ቃል ባዩበት ሁሉ በሰማያዊ የልብስ ጠመኔ ከበውታል፤ ሃያ ሦስት ቦታ። ከግርጌው «እኔስ?» ብለው ጽፈዋል።

ደሜ ፈላ። ላስረዳቸው ብዬ በማግስቱ ሱቃቸው ድረስ ሄድኩ። ሱቁ ከደረጃ ሥር ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ይጠብቃል። እሳቸው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው የስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰዋል።

«ደብዳቤውን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ሱሪህ እታች ተተርትሯል። መጋረጃው ጀርባ ግባና አውልቀህ አቀብለኝ፤ ሳወራህ እሰፋዋለሁ» አሉ።

እናት ስታዝ እምቢ አይባልም። ሱሪዬን አቀበልኩ። ስመጣ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ክርክር ሁሉ አብሮ ሄደ። ያለ ሱሪ ቆሞ የሚከራከር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ባሌ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር» አሉ ከመጋረጃው ወዲያ። «ከምሰሶ ወድቆ እግሩ ከዳው። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው። ጎረቤታችን የነበረ አንድ ወዛደር፣ ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ ባሌን አዝሎ ያወርደዋል። በር ላይ ተቀምጦ ሰው እንዲያይ ብሎ። ማታ ደግሞ አዝሎ ያወጣዋል። አራት ዓመት። ላመሰግነው ስል ‹ምን አደረግኩና› እያለ ይሸሸኛል። ባሌ ሞተ፣ ሰውየውም ሰፈር ለቀቀ። ያንን ጀርባ ለማን ልመልስ? ለእናንተ አመጣሁት።»

በመጋረጃው ጫፍ ራሴን ብቻ ብቅ አደረግኩ።

«እኔ የጠየቅኳችሁ አንድ ነገር ነው። ወንበሩን የወሰደው ሰው ከቤቱ ወጣ ወይ? በየወሩ ፖስታው ጀርባ ላይ ስጽፍላችሁ ነበር።»

ፖስታዎቹን ሳላገላብጥ የምጥላቸው እኔ ነበርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ሱሪዬ እሳቸው እጅ ነው።

ቢሮ ተመልሼ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ትምህርቱ ገብቶኛል ብዬ «እርስዎ» በሚለው ቃል አጥለቀለቅኩት። እርስዎ ጀግና ነዎት፤ እርስዎ የተስፋ ምሰሶ ነዎት፤ ያለ እርስዎ ሰማዩም አይቆምም ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ።

ስልክ ደወሉ። «ልጄ፣ የፊተኛው ጠበበኝ፤ ይኼኛው ደግሞ ሰፋኝ። ሰውየው ወጣ ወይስ አልወጣም?»

አላውቅም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ስለ ዊልቸር ጽፌ፣ ዊልቸር የወሰደ ሰው ቤት ረግጬ አላውቅም። በስተመጨረሻ ወንበር ከሰጠናቸው ሰዎች ወደ አንዱ፣ ወደ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወንበሩ ታጥፎ ከበሩ ጀርባ ቆሟል።

«ግሩም ዕቃ ነው፤ እግዜር ይስጣችሁ» አሉኝ። «ኮቴን እሰቅልበታለሁ።»

«ለምን አይወጡበትም አባባ?»

በአገጫቸው ወደ በሩ ጠቆሙኝ። ደጃፉ ላይ ሁለት ደረጃ አለ። እኔም ስገባ ረግጬዋቸው አላየኋቸውም።

ሥራ አስኪያጃችን «ይኼንን ለለጋሽ ትጽፋለህ? እብድ ነህ?» አለችኝ። ፈራሁ፣ ግን ጻፍኩ። «እማማ፣ አልወጡም። በራቸው ላይ ሁለት ደረጃ አለ። ወንበሩን ስንሰጥ አላየንም።» ይኸው ነው። የቋንቋ መምህርነቴ ያን ዕለት ሥራ ፈትቶ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ደንበኛቸው የሆነ አናጢ ይዘው ቢሮ መጡ፤ ሦስታችንም ወደ ሰዓት ጠጋኙ ቤት ሄድን። አናጢው ሳንቃውን ደረጃዎቹ ላይ አጋድሞ ምስማሩን እየመታ፣ እሳቸው ዳገቱን በሜትራቸው እየለኩ፣ እኔ ምስማር እያቀበልኩና አውራ ጣቴን እያስመታሁ፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ የዊልቸሩ መወጣጫ አለቀ። ያቺን አጭር ደብዳቤ፣ መወጣጫው መሠራቱን ጨምረን፣ ለሌሎቹም ለጋሾች ላክናት። መቶ ስልሳ ሰው መለሰ። ብዙዎቹ ከገንዘቡ ጋር ስለ ራሳቸው ሰው ጽፈዋል፤ ስለ አባት፣ ስለ እህት፣ ስላዘላቸው ሰው። አሁን የፖስታውን ጀርባ ሳላነብ አልጥልም።

ሰዓት ጠጋኙ መወጣጫው ባለቀበት ቀን ወጡ። ወንበሩን ከወሰዱ ከአንድ ዓመት ከሰባት ወር በኋላ መሆኑ ነው። መንገዱ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልብስ ሰፊዋ አጠገባቸው ቆመው መሐረባቸውን አወጡ። ከዚያ ሁለቱ እያወሩ ወደ ማዕዘኑ ሄዱ። እኔ መዶሻ ይዤ በሩ ላይ ቀረሁ።

ዞሮ ያመሰገነኝ የለም። ትንሽ ቅር አለኝ፤ አልዋሽም።